ፍሪጅ ላይ የተለጠፈ መርዶ

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። አለልኝ ይህን ተረት በሰማ ቁጥር ይስቅ ነበር። እሱ የሚለጥፈው ወረቀት ትናንት አንድ ነገር ይናገራል፣ ዛሬ ሌላ ይናገራል፣ ላዩ ግን ያው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው። «ወረቀቱን አልነካውም፤ ውስጡን ነው የምለውጠው» እያለ አሜሪካ ውስጥ ኮሎምቢያ ሃይትስ በምትባል ከተማ ባለው ቤተ መጻሕፍት ለገባ ለወጣው ሁሉ ያስረዳል። ይህን ከእሱ ያልሰማ ሰው ካለ እዚያ ቤት እግሩ ረግጦ አያውቅም ማለት ነው።

አለልኝ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ጃኬቱን ቤት ውስጥ እንኳ የማያወልቅ ሰው ነው። ሚኒሶታ እንደመጣ ታክሲ ነዳ፣ ከዚያ መጋዘን ገባ፣ ወገቡ እንቢ ሲለው ደግሞ ሰው የመለሰውን መጽሐፍ ወደ ቦታው የሚመልስ ሆኖ ቤተ መጻሕፍት ተቀጠረ። ቀስ በቀስ ወደ መስተንግዶ ጠረጴዛው ተጠጋ። የአማርኛና የኦሮምኛው መደርደሪያ አሁን የእሱ ነው፤ ማንም አልሰጠውም፣ ራሱ ነው የወሰደው።

መደርደሪያው ቀድሞም ነበር፣ አንባቢ ነው የጠፋው። ሽማግሌዎቹ ክረምቱን ሙሉ ይመጣሉ፤ ቤቱ ሞቃት ነው፣ ወንበሩ ይመቻል፣ የሚያባርር የለም። መጽሐፍ ግን አይወስዱም። ካታሎጉ የአማርኛውን ርእስ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው፣ ያውም ላዩ ላይ ነጠብጣብና ሰረዝ ጨማምሮበት። እንኳን ሽማግሌ፣ ደራሲው ራሱ ተነሥቶ ቢመጣ «የእኔ ነው» አይልም። አለልኝ ይህን እያየ ሲበሳጭ ከረመና አንድ ቀን፣ በወረርሽኙ ጊዜ ምግብ ቤቶች ሜኑ ትተው ጠረጴዛ ላይ የለጠፏት ያቺ አራት ማዕዘን ኮድ ትዝ አለችው። ስልክ ሲደግኑባት ገጽ ትከፍታለች። ገጹ ላይ የሰው ድምፅ ቢኖርስ? በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ «ይህ መጽሐፍ እንዲህ ነው፣ እንዲህ አድርገህ ትወስዳለህ፣ ቀኑ ሲያልፍብህ ከቤትህ ሳትወጣ እንዲህ አድርገህ ታራዝማለህ» የሚል?

አለቃው ሐሳቡን ወደደችው። ሰው ግን መጀመሪያ ሳቀበት። «ደግሞ መጽሐፍ ለማንበብ ስልክ ልደግን?» አሉት። በኋላ ያሳቃቸውን ነገር ለመዱት። አለልኝ ያነበበውን በድምፁ ለሚያወራ ለእያንዳንዱ ተራኪ አንድ ገጽና አንድ ኮድ ሠራ። በረዶው ከቤት ለማያስወጣቸው ደግሞ ኮዱን ተለጣፊ ወረቀት ላይ እያተመ በየቤታቸው ሰጠ፤ ከቤት ሆነው ድምፁን ይሰማሉ፣ መጽሐፉን ያዛሉ፣ የሚመጣ ሰው ይዞላቸው ይሄዳል። በአንድ ክረምት የመደርደሪያው ግማሽ ባዶ ሆነ። አለልኝ ባዶውን መደርደሪያ ፎቶ አንሥቶ ለሚያውቀው ሰው ሁሉ ላከ።

ከተራኪዎቹ ሁሉ ግን ጋሽ ቂርቆስን የሚያህል አልነበረም። ጋሽ ቂርቆስ ኤርፖርት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያነበቡትን በወረቀት ጽፈው አይመጡም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ካለችው ትንሽ ክፍል ገብተው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከአለልኝ ስልክ ጋር ይጫወታሉ። «ይሄ መጽሐፍ ወፍራም ነው፣ አትፍሩት። መጀመሪያው ላይ ታንቀላፋላችሁ፣ እኔም አንቀላፍቻለሁ። ሠርጉ ላይ ስትደርሱ ግን መብራት ማጥፋት ትረሳላችሁ» ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ በመሀል እህታቸውን ይነካኳታል። «ዘነቡ፣ አንቺ ይሄን እንዳትወስጂ፤ መጨረሻው ላይ አልቅሰሽ እኔንም ታስለቅሺኛለሽ።» ይህን የሰማ ሁሉ መጽሐፉን የሚወስደው መጨረሻውን ለማየት ነው።

ዘነቡ ፍሪድሊ ውስጥ ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው፤ የሰው እናትና አባት ስታጥብና ስታጎርስ ትውላለች። ወደዚህ አገር ያመጧት ጋሽ ቂርቆስ ናቸው። ባሏ ጥሏት ሲሄድ ልጇን ሊዲያን ትምህርት ቤት ሲያደርሱና ሲመልሱ የኖሩትም እሳቸው ናቸው። ወንድሟን በስም ጠርታቸው አታውቅም፤ «ጋሽዬ» ነው የምትላቸው። ከገና በኋላ ጋሽ ቂርቆስ የወላጆቻቸውን ቤት ጣራ ላሳድስ ብለው ደብረ ብርሃን ሄዱ። ሲሄዱ ዘነቡን ያስለቀሳት የመንገዱ ርቀት ብቻ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለአለልኝ ስልክ ተደወለለት። የእድሩ ሰብሳቢ ሰረቀብርሃን ነው፣ ከጎረቤት ከተማ ከኩን ራፒድስ። ሰረቀብርሃን ሁልጊዜ የሚያወራው እየጮኸ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«ጋሽ ቂርቆስ አርፈዋል» አለ። «ማታ በልተው ተኙ፣ ጠዋት አልተነሡም። ትናንት ተቀብረዋል። ዘነቡ አልተረዳችም።»

አለልኝ መጽሐፍ የጫነውን ጋሪ ይዞ እንደቆመ ቀረ።

«ሊዲያ ሰምታለች፣ ዓርብ ማታ ከምትኖርበት ከዱሉዝ ትመጣለች። እኔ ቤት አድራ ቅዳሜ ማለዳ ሰብሰብ ብለን እንነግራታለን። ደም ግፊቷን ታውቃለህ። ብቻዋን ሆና መስማት የለባትም። አገር ቤት ላሉትም ነግረናል፤ ከደወለች እሳቸው ያሉበት ኔትወርክ የለም ይሏታል። አንተ ደግሞ እነዚህን ልጆች ያዝልኝ። ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር ብሎ የሚለጥፍ እንዳይኖር።»

አለልኝ የተሰጠውን ሥራ እንደ ጉድ ሠራው። ያን ዕለት ማታ ስልኩ እስኪግል ድረስ ደወለ። አንዱ ጎረምሳ ሻማ ያለበት ፎቶ አውጥቶ ኖሮ ደርሶበት አስነሣው። «ትንሽ አታፍርም? እህት አላቸው እኮ! መርዶ በስልክ ይነገራል?» ብሎ ልጁን ውሃ እስኪሆን ገሠጸው። ልጁ ይቅርታ ጠየቀ። አለልኝ ስልኩን ሲዘጋ አንድ ቁም ነገር የሠራ ሰው ሆኖ ተሰማው።

ታዲያ ይኸው ሰው ሐሙስ ጠዋት ምን አደረገ? ሥራ ገባ፣ መደርደሪያው ጋ ሄደ፣ የጋሽ ቂርቆስን ኮድ አየ። ስልኩን ደገነበት። ጋሽ ቂርቆስ ኮፍያቸውን አጋድለው ከፎቶው ላይ ሳቁለት። ዘንድሮ ስለሚያነቡት መጽሐፍ ሊያወሩ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሞቶ እዚህ ምንም እንዳልተፈጠረ መሳቁ ነውር ሆኖ ታየው። ከሐዘኑ ሌላ ነገርም ነበረበት፤ እሑድ ለቅሶ የሚመጣው ሰው ሁሉ ኮዱን ከፍቶ «አየህ፣ አለልኝ እኮ ወዲያው አስተካከለው» እንዲል ፈልጎ ነበር። ይህን ለራሱ አላመነም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ ሰውዬውን ስለማውቀው።

ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ጻፈ። «ጋሽ ቂርቆስ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።» የጧፍ ሥዕል አገኘና ከፎቶው ጎን አስቀመጠ። ማስቀመጫውን ሊጫን ሲል እጁ ቆም አለ። ቅዳሜ ድረስ ልጠብቅ ይሆን? አሰበበት። ይሄ ፌስቡክ አይደለም፣ አለ ለራሱ። ይሄ የመደርደሪያ ወረቀት ነው። እዚህ ድረስ መጥቶ ስልክ ያልደገነ ሰው አያየውም። ዘነቡ ደግሞ ሰሞኑን ደብል ሺፍት ይዛ ቀንም ማታም ሥራ ላይ ናት፣ ወዲህ አትመጣም። ተጫነው። ደስም አለው። ኋላ ሆድ ሆዱን የሚበላው ይህ ደስታው ነው።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ኦቦ ሆርዶፋ በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ ገቡ። የኦሮምኛውን ተረቶች የተረኩት እሳቸው ናቸው፤ ከጋሽ ቂርቆስ ጋር ሲፎካከሩ ነበር የኖሩት። ዛሬ በትራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው የአለልኝን እጅ ያዙ።

«እግዜር ያጽናህ ልጄ። ትናንት ማታ አየሁት። እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«የት አዩት ኦቦ ሆርዶፋ?»

«ቤቴ ነዋ።»

«ማን ነገረዎት?»

«አንተ ነህ የነገርከኝ። ያቺ ፍሪጄ ላይ የለጠፍካት የቂርቆስ ወረቀት። ምን አዲስ መጽሐፍ አመጣ ብዬ ብከፍታት እንዲህ አለችኝ።»

አለልኝ ጆሮው ጭው አለ። ኦቦ ሆርዶፋ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ያያል፣ የሚሉትን ግን አይሰማም። ቤት ለቤት ያደላቸው ወረቀቶች! ማታ ለጎረምሳው ሲደውል፣ ጠዋት ሲጽፍ፣ ሲያስብ፣ ሲያወጣና ሲያወርድ እነዚያ ወረቀቶች አንድ ጊዜ እንኳ አልመጡለትም። ዘነቡም አላት። ባለፈው መኸር የፍሪጇ በር ላይ፣ ከሊዲያ የምረቃ ፎቶ ጎን፣ በገዛ እጁ ነው የለጠፈላት። ጋሽ ቂርቆስ ከሄዱ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ትከፍተዋለች። «ምሳዬን ስቋጥር ጋሽዬ ያወራኛል» ብላ ነግራዋለች። እሱም «አየሽ፣ እንዲህ ነው አገልግሎት» ብሎ ኮርቷል።

ኦቦ ሆርዶፋን እንደ ቆሙ ትቷቸው ወደ ኮምፒውተሩ ሮጠ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አለልኝ ግን ማፍሰሱን እንጂ መልቀሙን አላገኘውም። ጽሑፉን ብቻ የሚያነሣበት ቦታ ነበር፣ እሱን ለመፈለግ ግን አልታገሠም። የጋሽ ቂርቆስን ገጽ ሙሉውን መርጦ ማጥፊያውን ተጫነ። ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ አንድ ረዘም ያለ ነገር ጠየቀው። አላነበበውም። አዎ አለው። እንደገና ጠየቀው። እንደገና አዎ አለው። ገጹ ጠፋ። ትንፋሹን ለቀቀ፣ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፦ አይታው ይሆን? ከሐሙስ ጠዋት እስከ ዓርብ ከሰዓት ገጹ ተከፍቶ ነው የዋለው፣ ያደረው። እሷ ደግሞ ምሳ ሳትቋጥር ሥራ አትሄድም። ለሰረቀብርሃን ደውሎ «ጉድ ሠርቻለሁ፣ ዛሬውኑ እንሂድ» ማለት ነበረበት። አሁኑኑ ቢሄዱ፣ አይታው ከሆነ ከብቸኝነት ያወጧታል፣ አላየችው ከሆነም ምንም አይጎዳም። ስልኩን አነሣ። የሰረቀብርሃንን ስም አገኘው። ከዚያ ያ የገሠጸው ጎረምሳ ታየው፤ እሱ ራሱ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ምን ሊል እንደሆነ አሰበ። አሳፈረው። ሰው በኀፍረት ምን ያህል ክፉ እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ለሰረቀብርሃን መደወሉን ትቶ ለራሷ ለዘነቡ ደወለ።

«ሃሎ?» አለች።

«ዘነቡ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ። ምነው?»

«አይ፣ እንዲያው… ሰላም ልበልሽ ብዬ።»

ከበስተኋላዋ አንዲት አሮጊት በእንግሊዝኛ ትጣራለች።

«ሰሞኑን የሚደውልልኝ ሰው የለም» አለች ዘነቡ። «አንተ ደወልክ። እግዜር ይስጥህ።»

ስልኩ ተዘጋ። ድምፅዋ ደህና ነው፣ አለ አለልኝ። አላየችውም። ብታየው እንዲህ ትናገር ነበር? ብታየው ሥራ ትገባ ነበር? አላየችውም፣ አላየችውም እያለ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ራት አቀረበች፣ አልበላም። ጋሽ ቂርቆስን አስቦ ነው ብላ አልጨቀጨቀችውም።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ፍሪድሊ ካለው አፓርታማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሴቶቹ ከወፍራም ጃኬታቸው ሥር ነጠላ ለብሰዋል። ሊዲያ ፊቷ አብጧል፣ የሰረቀብርሃን ሚስት ደግፋ ይዛታለች። ማንም አያወራም፣ በረዶው ብቻ ከእግራቸው ሥር ይንቋቋል። አለልኝ ከኋላ ተከተለ።

በሩን ገና አንድ ጊዜ እንዳንኳኩ ዘነቡ ከፈተች። ለብሳለች። ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ቀሚስ። ሰረቀብርሃን ይህን አላስተዋለም፤ የሚናገረውን በልቡ እየደጋገመ ነበር። አለልኝ ግን አየ። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል። የምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች ዙሪያውን ተደርድረዋል፣ ከየት እንዳመጣቻቸው የማይታወቅ ታጣፊ ወንበሮችም አሉ። ጥጉ ላይ የታሸገ ውሃ በካርቶኑ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ሶፍት። ይህ ሰው የሚጠብቅ ቤት ነው። የለቅሶ ቤት ነው። የመርዶው ነጋሪዎች ገና ጫማቸውን እያወለቁ የለቅሶው ቤት ተሰናድቶ ጠበቃቸው።

«ግቡ» አለች። «ግቡ፣ ብርድ ነው።»

«ዘነቡ፣ ተቀመጪ እስቲ» አለ ሰረቀብርሃን። «እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ…» ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሽ ቂርቆስ አርፈዋል።»

ሴቶቹ ሊይዟት እጃቸውን ዘርግተዋል። ዘነቡ ግን አልወደቀችም። ሊዲያን አየቻት። ቀጥላ ዓይኖቿን በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ አለልኝን አየችው። ቁጣ የለበትም፣ ልመና የለበትም፤ ብቻ አየችው። ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ጋሽዬ» ብላ ጮኸች፣ ሴቶቹም አብረው ጮኹ፣ ሊዲያም እናቷ ላይ ወደቀች። አለልኝ ብዙ ለቅሶ የሰማ ሰው ነው። የዘነቡ ጩኸት መነሣት ባለበት ቦታ ተነሣ፣ መውረድ ባለበት ቦታ ወረደ። አገጩን ጃኬቱ ውስጥ ቀበረና ወለሉን ብቻ ተመለከተ።

ቅዳሜና እሑድ ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። አለልኝ ወንበር አመጣ፣ በረዶ ጠረገ፣ የሽማግሌዎችን መኪና አቆመ። ዘነቡ ወዳለችበት ጥግ ግን አልተጠጋም። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲገባ አንድ ነገር ወስኖ ነበር፤ ጽሑፉን ትቶ የጋሽ ቂርቆስን ድምፅ ብቻ ወደ ገጹ ሊመልስ። ሊክሳት የሚችለው በዚህ ነው። ኮምፒውተሩን ከፈተ። የጋሽ ቂርቆስ ገጽ ያለበት ቦታ ባዶ ነው። የተጣለው ነገር የሚገኝበትን ፈተሸ፣ የለም። የቤተ መጻሕፍቱን የኮምፒውተር ሠራተኛ ጠራ። ልጁ ሲነካካ ቆይቶ «ሲያጠፉት ለዘለዓለም ይጥፋ ወይ ብሎ ጠይቆዎታል፣ አዎ ብለዋል» አለው። አለልኝ ስልኩን አወጣ። ጋሽ ቂርቆስን የቀዳው በዚሁ ስልክ ነበር። ስልኩ ሲሞላበት ደግሞ፣ «ገጹ ላይ አለ አይደል» እያለ አንድ በአንድ ያጠፋቸው ራሱ ነው።

ማታ ለቅሶ ቤት ሄደ። ወንዶቹ ሳሎን ተቀምጠው ስለ በረዶው ያወራሉ። ሴቶቹ መኝታ ቤት ናቸው። ዘነቡ ከመካከላቸው ተነሥታ «አለልኝ፣ አንዴ ና» አለችውና ወደ ወጥ ቤት ቀደመችው። ፍሪጁን ተደግፋ ቆመች። ወረቀቱ ከጭንቅላቷ በላይ ነው።

«ሐሙስ ረፋዱ ላይ ነው ያየሁት» አለች ቀስ ብላ። «ምሳዬን እየቋጠርኩ። መጀመሪያ አለልኝ ስሙን ከሌላ ሰው ጋር አምታታው አልኩ። ከዚያ ደብረ ብርሃን ደወልኩ። ኔትወርክ የለም፣ ገጠር ወጥቷል አሉኝ። ያን ጊዜ አመንኩ።»

እግሯ ሥር ያለውን ወለል በእጇ አሳየችው።

«እዚህ ነው የተቀመጥኩት፣ ወለሉ ላይ። ልጩህ ብል፣ አምና ላይኛው ፎቅ ያለችው ልጅ እናቷ ሞታ ስትጮህ ፖሊስ ተጠርቶባታል። ፎጣ አፌ ውስጥ ከተትኩ።»

«ለምን አልደወልሽም?»

«ለማን? ለሊዲያ? በዚያ በረዶ መኪና ይዛ እያለቀሰች ልትመጣ? ለእናንተ? እናንተማ ተማክራችሁ ጨርሳችኋል። ለእኔ ብላችሁ የደከማችሁትን ላፈርስባችሁ?» ቀና ብላ አየችው። «ቅዳሜ ግን እንባው እንቢ አለኝ። ሁለት ቀን አልቅሼ ደርቄያለሁ። እናንተ ደግሞ ዙሪያዬን ከባችሁ ትጠብቃላችሁ። ለወንድሜ አስመስዬ አለቀስኩ፣ አለልኝ። ለእናቴ ልጅ።»

አለልኝ እግሯ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ክንዱን ያዘችው።

«ተው፣ ሰው ያያል። ይቅር በይኝ እንድትለኝ አይደለም የጠራሁህ። ለክፋት እንዳላደረግከው አውቃለሁ።» ወደ ወረቀቱ ዞረች። «ዛሬ ጠዋት ሰው ሳይነሣ ስልኬን ደገንኩበት፣ ባዶ ነገር ያሳየኛል። ያንን ጽሑፍ አታምጣው። ድምፁን ብቻ መልስልኝ። ድምፁማ አለ አይደል? እሱን ከሰማሁ የሚወጣልኝ ይመስለኛል።»

እሺ ማለት ይችላል። ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር። እሺ ብሎ፣ ነገ ኮምፒውተሩ ተበላሸ፣ ከነገ ወዲያ ሠራተኛው አልገባም እያለ አርባው እስኪያልፍ ማድረስ ይችላል። ሁሉም ሲያደርጉት የከረሙት ይህንኑ አይደል? ዘነቡ መልሱን ትጠብቃለች፤ እጇ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ስልኩን ይዟል።

«የለም» አላት።

«ምኑ?»

«ድምፃቸው የለም፣ ዘነቡ። ዓርብ ዕለት ደንግጬ ጽሑፉን አጠፋሁ ብዬ ሁሉንም አጠፋሁት። ስልኬም ላይ የለም። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስፈልግ ዋልኩ። የትም የለም።»

ያልገባት መስላ አየችው። ከዚያ ከሆዷ ሥር አንድ ነገር ተነሣ። ቃል የለበትም፣ ጋሽዬ አላለችም፣ ደረቷን አልመታችም። ፍሪጁን ይዛ እየተንሸራተተች ወለሉ ላይ ወረደች። ጩኸቱ እሷም የምታውቀው አይመስልም፤ ራሷን አስደንግጧት ዓይኖቿ ፈጠጡ። ፖሊሱንም፣ ጎረቤቱንም፣ ፎቁንም ረሳች።

ሴቶቹ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሮጠው መጡ። ሊዲያ በመሀላቸው ሾልካ ገባችና «ማሚ! ዋት ሃፕንድ?» አለች፣ ከዚያ መልስ ሳትጠብቅ እናቷን አቅፋ አብራት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አንዷ ልታነሣት ስትል አንዲት ትልቅ ሴትዮ ከለከለቻት።

«ተዪያት፣ ታልቅስ» አለች። «ቅዳሜማ ደንግጣ ነበር። ገና አሁን ነው የገባት።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። አለልኝ ማጠቢያው ጎን እንደ ቆመ ነው። ሰረቀብርሃን ሰውን እያሳለፈ መጥቶ ፊቱን አየና እጁን ትከሻው ላይ ጣለ።

«አይዞህ» አለው። «ለአንተም ወንድምህ ነበሩ። እሷን ልታጽናና መጥተህ አንተም ባሰብህ። ጥሩ ሰው ነህ፣ አለልኝ።»